በሠርግ ካርድ ጠርዝ የታተመው መጽሐፌ

ባለፈው ሳምንት የሠርግ ጥሪ በቴሌግራም መጣልኝ። ሁለት ነጭ ርግቦች ስልኬ ላይ ብቅ አሉ፣ ክንፋቸውን አራገቡ፣ የሙሽሮቹ ስም በወርቅማ ቀለም ተጻፈ፣ ትንሽ ሙዚቃ ተሰማና አለቀ። ደግሜ ስነካው ርግቦቹ እንደገና በረሩ። ቆንጆ ነገር ነው፤ አልነቅፈውም። ግን ሳላስበው አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ እርስ በርስ ሲፋተጉ አየኋቸው። የካርዱን ውፍረት እየፈለጉ ነበር። ካርዱ ሲታጣ ሪባኑን ፈለግሁ፤ ከሪባኑ ቀጥሎ ሽታው መጣብኝ። የቀለም፣ የኮላ፣ የማሽን ማጠቢያ ጋዝና የአዲስ ወረቀት ሽታ፣ አንድ ላይ። ያን ሽታ ከአሥራ አራት ዓመት በኋላም ዓይኔን ጨፍኜ ከሺህ ሽታ መሀል እለየዋለሁ፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው መጽሐፌ ሽታ ነው።

ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ትዝታ ለመጻፍ ገና ነሽ የሚሉኝ አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ፀጉሬ አልሸበተም፣ ደረጃም ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ነው የምወጣው። ይሁን እንጂ ያደግሁባቸው መንገዶች ቀድመውኝ አርጅተው ስለሄዱ ሳልወድ በግድ ከአሮጊቶቹ ጋር ተመድቤያለሁ። ዛሬ በሰፊው የእግረኛ መንገድ፣ በአዲሶቹ መብራቶች ሥር ከወጣት ገጣሚዎች ጋር ስሄድ «እዚህ ጋ ጫማ ቤት ነበር፣ እዚያ ጋ ሲዲ ቤት ነበር» እላለሁ። እነሱም አያታቸውን እንደሚያዳምጡ ሁሉ በትሕትና ራሳቸውን ይነቀንቁልኛል። አንዳንዴ የጫማ ቤቱን በር ቦታ በእግሬ ለክቼ አሳያቸዋለሁ። አበባ የተተከለበት ላይ ስለሚያርፍ ጥበቃው ይቆጣናል።

በዚያ ጫማ ቤት ሻጭ ነበርኩ። ከአሥረኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ግጥምንም ያስተማረኝ ሰው የለም። መጽሐፍ በቀን ሃምሳ ሳንቲም እየተከራየሁ ከባንኮኒው ሥር ደብቄ አነብ ነበር፤ ደንበኛ ሲገባ ደግሞ እግሩን እየለካሁ በልቤ ቤት እመታለሁ። ስሜ ትዕግሥት ነው፤ እናቴ ስታወጣልኝ ምን አስባ እንደሆነ አላውቅም፣ አንድ ቦታ አሥር ደቂቃ መቀመጥ የማልችል ሰው ነበርኩ። የጫማ ቤቱ ባለቤት «ይቺ ልጅ ጫማ የምትሸጠው እየሮጠች ነው» ይል ነበር። ማኪያቶ አራት ብር ነበረች። ሴቱ ሁሉ ጠባብ ጂንስና ጠፍጣፋ ጫማ፣ ወንዱ ሁሉ ጫፉ የሾለ ጫማ ያደርግ ነበር፤ የሾለ ጫማ ያልሸጥኩለት የአራዳ ልጅ የለም ብል ማጋነን አይደለም። ሲዲ ቤቶቹ ተደጋግፈው የቆሙ ስለሆኑ፣ ከአንዱ የጀመረውን ዘፈን የሚቀጥለው ይቀበለዋል፤ ከሲኒማ ቤቱ ተነስቶ ወደ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ የሚወርድ ሰው አንድ ዘፈን ሳይቋረጥበት ድልድዩ ድረስ ይሸኘዋል። እኔ የምሳ ሰዓቴን ሁሉ በዚያ ዘፈን ታጅቤ ቁልቁል ስወርድ ነው ያሳለፍኩት፤ መጽሐፌን የሚያትም ሰው ፍለጋ።

ስንቱን በር አንኳኳሁ። አንድ አሳታሚ ዘንድ ሄጄ ደብተሬን ስሰጠው አልገለጠውም፤ በእጁ መዘነውና «ልቦለድ የለሽም?» አለኝ። የለኝም ስለው የታወቀ ሰው መግቢያ እንዲጽፍልኝ አድርጌ እንድመለስ መከረኝ። የታወቀ ሰው ፍለጋ ሁለት ክረምት አለፈ። ትልቁ ማተሚያ ቤት ከሦስት ሺህ ቅጂ በታች ማሽን አላስነሳም አለ፤ ሦስት ሺህ ሰው ቀርቶ ሦስት ሺህ ጫማም በአንድ ላይ አይቼ አላውቅም። መጽሐፍ አዟሪዎቹ ደግሞ ከሁሉ የባሱ ቀልደኞች ነበሩ። አንዱ «ሽፋኑ ላይ ማን አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ማንም የለም፣ ግጥም ነው አልኩት። «እንግዲያው ውስጡም ማንም የለም ማለት ነው» አለና ጓደኞቹን ሁሉ አሳቀ። መጽሐፉ ሳይታተም የመጽሐፉን ኩፖን አስቀድሞ ለሰው መሸጥም ነበር፤ ብዙዎች በዚያ መንገድ አሳትመዋል። የሰፈሬ የአፍንጮ በር ሰው ግን ከእኔ በፊት በነበሩ ገጣሚዎች ኩፖን ተሸጦለት መጽሐፉን ገና እየጠበቀ ስለነበር፣ እኔ ወረቀት ይዤ ስመጣ ገና ከሩቅ በሩን ይዘጋል።

ጋሼ ሸምሱን ያገኘኋቸው ዝናብ አባርሮኝ ነው። ወደ ድልድዩ ስትወርድ በስተግራ፣ ከአንድ ዓይን የማትበልጥ መስኮት ያላት፣ የሠርግ ካርድና ደረሰኝ የሚያትሙባት ክፍል ነበረቻቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ሰማያዊ ካፖርት የሚለብሱ የጉራጌ ሰው ናቸው። ማሽናቸው ሲሠራ ቤቱ ሁሉ ከንፈሩን እንደሚመጥጥ ሰው «ምጽ፣ ምጽ» ይላል። ግድግዳው ላይ አራት የሠርግ ግጥሞች ተለጥፈው ቁጥር ተሰጥቷቸው ነበር። ደንበኛ ይገባል፣ ካርዱን ይመርጣል፣ ከዚያ ለግጥሙ «ቁጥር ሁለት ይሁንልኝ» ይላል። አንብቦ የሚመርጥ የለም። ሁሉም ሰው ቁጥር ሁለትን የሚመርጠው ቀድሞ ያገባው ወንድሙ ቁጥር ሁለትን ስለመረጠ ነው። ከጊዮርጊስ እስከ አትክልት ተራ ያለው ባለትዳር በሙሉ በቁጥር ሁለት የተጋባ ነው ብል ጋሼ ሸምሱ ይመሰክሩልኛል።

ዝናቡ እስኪያባራ ቆሜ አራቱንም አነበብኩና ቁጥር ሁለት ሦስተኛው መስመሩ ላይ ቤት እንደማይመታ ነገርኳቸው። ማሽኑን አቆሙና አዩኝ።

«አሥራ ሁለት ዓመት አትሜዋለሁ፤ እስከ ዛሬ አንድ ሙሽራ አልከሰሰኝም» አሉ።

አዳዲስ ልጽፍልዎት እችላለሁ አልኳቸው። ምን እንደምፈልግ ጠየቁኝ። ዓይኔ የወረቀት መቁረጫው ሥር የተከመረው ቁርጥራጭ ላይ ነበር። ካርዱ ከትልቁ ወረቀት ላይ ሲቆረጥ በአንድ በኩል የሚተርፍ ጠርዝ አለ፤ መዳፍ ተኩል ስፋት ያለው፣ ወፍራም፣ ያማረ ወረቀት። ጋሼ ሸምሱ ይጥሉት ነበር። ያን ጠርዝ ስጡኝ አልኩ፤ ባዶውን ግን አይደለም። ካርዱ የሚታተምበት ፕሌት ሲሠራ በዚያ ባዶ ጠርዝ ላይ አንድ ግጥሜ ይግባልኝ፣ ካርዱ ሲታተም እሱም አብሮ ይታተማል፣ ከዚያ ቆርጠን እንለያያቸዋለን። ቀለሙ ያው፣ ወረቀቱ ያው፣ ማሽኑ ያው። እኔ በምላሹ አዳዲስ የሠርግ ግጥም እጽፋለሁ፣ በምሳ ሰዓቴም ሪባን አስራለሁ።

አንዱን ቁርጥራጭ አንስተው ስፋቱን በመዳፋቸው ለኩት። ከዚያ «ስምሽን ግን አታስገቢበት» አሉ። «ባለ ሠርጉ ድንገት ቢያየው፣ በእኔ ካርድ ላይ ይቺ ማን ናት ይለኛል።»

እንዲህ ነው መታተም የጀመርኩት። አንድ ሠርግ፣ አንድ ግጥም። የመጽሐፌ ወረቀት ሙሽሮቹ እንደመረጡት ሆነ፤ አንዱ ገጽ ክሬም፣ አንዱ ሮዝ፣ አንዱ የዕንቁ ብልጭታ ያለው፣ አንዱ ሀብታም የአትክልት ተራ ነጋዴ ልጁን ሲድር የመረጠው ወይን ጠጅ፣ ፊደሉ በብርማ ቀለም። የመጽሐፌን ቅጂ ብዛት የወሰነልኝም ከሁሉ ያነሰ ዘመድ የነበረው አንድ ሙሽራ ነው፤ ሁለት መቶ ሃምሳ ካርድ ብቻ ስላዘዘ፣ የእኔም መጽሐፍ ከሁለት መቶ ሃምሳ ሊበልጥ አልቻለም። ያን ሰው አንዳንዴ አስበዋለሁ። ትንሽ አክስት ቢጨምር ኖሮ እላለሁ።

ሌሎች ጸሐፊዎች በአሳታሚ ይጨነቃሉ፤ እኔ በጾም ነበር የምጨነቀው። ጥር ሲገባ ሠርግ በሠርግ ይሆንና በሳምንት አንድ፣ አንዳንዴም ሁለት ግጥም ይታተምልኛል። ዐቢይ ጾም ሲያዝ ደግሞ ቀጥ። ሁለት ወር ሙሉ ማሽኑ ደረሰኝ ብቻ ያትማል፣ እኔም ፋሲካን እጠብቃለሁ። በጾሙ መሀል የሙስሊም ሠርግ ሲመጣ ጋሼ ሸምሱ ጫማ ቤቱ ድረስ ሰው ይልኩብኝ ነበር፤ «ኒካህ አለ፣ ግጥም ይዘሽ ነይ» እያሉ። በሁለተኛው ዓመት ቅበላ ሲቃረብ አሥራ ዘጠኝ ግጥም በአሥራ ዘጠኝ ዓይነት ወረቀት ታትሞልኝ፣ በጫማ ካርቶን ተሰድሮ አልጋዬ ሥር ተኝቶ ነበር። ሃያ እንዲሞላ ፈለግሁ። ሃያኛው ከሁሉ የምወደው ነበር። ጋሼ ሸምሱም ከጾሙ በኋላ ወደ አዲስ ማሽን እንደሚቀየሩ፣ አዲሱ ማሽን ትንሽ ወረቀት ስለሚጎርስ ጠርዝ እንደማይተርፈው ነግረውኛል። ስለዚህ ያ የቅበላ ሰሞን የመጨረሻዬ ነበር፤ አንድ ሠርግ፣ አንድ ጠርዝ።

ያ ሠርግ የጋሽ ደምሴ ልጅ የማርታ ሆነ። ጋሽ ደምሴ የእኛው ሰፈር የአፍንጮ በር ሰው ናቸው፤ ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ሆነው ጡረታ የወጡ፣ የዕድር ደብዳቤ እንኳ ማኅተሙ ዘንበል ካለ የሚመልሱ። አራት መቶ ካርድ አዘዙ። ክሬም ቀለም፣ ባለ ሽፋን፣ ውስጡ ሁለት ቅጠል በሪባን የሚታሰር፤ አንዱ ቅጠል ጥሪው፣ አንዱ ቅጠል ግጥሙ። ግጥሙን ቁጥር ሁለት ይሁን አሉ። በጠርዙ ላይ የእኔ ሃያኛ ግጥም ገባ። በአጋጣሚ የእኔ ጠርዝና የቁጥር ሁለት ቅጠል ስፋታቸው እኩል ነበር።

ሪባኑን ያሰርኩት እኔ ነኝ። አራት መቶውንም፣ በሁለት የምሳ ሰዓት። የቁጥር ሁለትና የእኔ ጠርዝ ክምሮች ሁለቱም ፊቴ ነበሩ፤ እጄ አንዱን ያነሳል፣ ያስገባል፣ ያስራል፣ ይወረውራል። ልቤ ሌላ ግጥም ላይ ነበር። የሰው ጫማ ላይ ያለች የመርፌ ቀዳዳ የማታመልጠኝ ሰው፣ እጄ ላይ ያለውን አላየሁም። ቆይቼ ሳስበው ምክንያቱ ይገባኛል፤ ቁጥር ሁለትን ባነሳ ኖሮ ያ ቤት የማይመታው መስመር ዓይኔን ይወጋኝ ነበር። የራሴን ግጥም ግን በቃሌ ስለማውቀው ማንበብ አላስፈለገኝም። ምንም የሚኮሰኩስ ነገር ስላላገኘሁበት አራት መቶ ጊዜ አሳለፍኩት።

ሐሙስ ዕለት ጋሽ ደምሴ ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ ማተሚያ ቤቱ ገቡ። ካርዱን ከፍተው ማሽኑ ላይ አስቀመጡት። ጋሼ ሸምሱ መነጽራቸውን አውጥተው አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ። ቤቴ ሮጬ ሄጄ ከማተሚያ ቤቱ የእኔ ነው ብዬ የወሰድኩትን ጥቅል ፈታሁት፤ አራት መቶ ቁጥር ሁለት። እያለከለክሁ ተመልሼ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርኳቸው። ጋሽ ደምሴ አልጮሁም። ሁለት መቶ ሃምሳው ካርድ ከተበተነ ሦስት ቀኑ መሆኑን፣ መቶ ሃምሳው ቤታቸው እንዳለ በዝግታ አስረዱንና፣ እኔን ቤታቸው እንድመጣ አዘዙኝ። ሲወጡ ጋሼ ሸምሱ «ወላሂ አንቺ ልጅ፣ እኔን ከአፍንጮ በር ሰው ጋር አጣላሽኝ» አሉና ተቀመጡ። በሥራ ሰዓት ሲቀመጡ ያኔ ነው ያየኋቸው።

ሰው የተቆጣበትን ግጥም ሳላስነብባችሁ ማለፍ አይገባኝም። ይኸው ነበር፦

እሷ ወደ ግድግዳ፣ እሱ ወደ በሩ፣
ጀርባ ተሰጣጥተው ተኳርፈው ሲያድሩ፤
ብርዱ ጠና ብላ ብርድ ልብሱን ሳበች፣
እንዳይነቃ ፈርታ ትከሻው ላይ ጣለች፤
እሱም ተኝታለች ብሎ ጥቂት ቆይቶ፣
መለሰው ወደ እሷ እንዳይበርዳት ፈርቶ፤
እንዲህ ሲሉ ነጋ በአንድ ብርድ ልብስ፣
ሁለቱም ሲበርዳቸው፣ አንዱ አንዱን ሲያለብስ።

ለሠርግ ጥሪ የሚሆን አይደለም። ገና ሳይጋቡ ኩርፊያ! ወደ ቤታቸው ስሄድ መንገዱ ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝ። ግቢው በሠርጉ ድግስ ተወጥሯል፤ ከአትክልት ተራ የመጣ ሽንኩርት በጆንያ ተደርድሯል፣ ሰባት ስምንት ሴቶች ክብ ሠርተው ይልጣሉ። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ መሀል ላይ ናቸው። እኔ ይቅርታ ለመጠየቅ ያዘጋጀሁትን ንግግር ከመጀመሬ በፊት ጋሽ ደምሴ ካርዱን እጄ ላይ አደረጉ።

«አንብቢው» አሉ። «ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ። በሠፈሩ ሁሉ ምን እንዳስበተንን ቤተሰቡ ይስማ።»

አነበብኩ። መጀመሪያ ተቻኮልኩ፣ ወደ መጨረሻው ግን ፍርሃቴን ረሳሁና እንደሚገባው አነበብኩት። ስጨርስ ቢላዎቹ ሁሉ ቆመው ነበር። የሴቶቹ ዓይን ያለቅሳል፤ ማን በሽንኩርቱ፣ ማን በግጥሙ እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። እትዬ አስካለ በክንዳቸው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«መጀመሪያ የምስበው እኔ መሆኔን ማን ነገረሽ?» አሉኝ።

«ማን ነው መጀመሪያ የሳበው?» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«እኔ ነኛ።»

«መቼ?»

«ሁልጊዜ።»

«የጥምቀት ሰሞንስ? ማን ነበር የሳበው?»

«የጥምቀቱ ጥፋት ያንተ ስለነበር አይቆጠርም» አሉ እትዬ አስካለ፤ ሴቶቹ በሳቅ ተደፉ።

ጋሽ ደምሴ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁና ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው የፍርድ ቤት ፊት ነው። በጽሑፉ ላይ የፍሬ ነገር ስሕተት መኖሩን፣ መጀመሪያ የሚያለብሰው ባል ሆኖ እንዲስተካከል፣ ያኔ ነገሩን እንደሚተዉት ነገሩኝ። መስመር ሦስትና አራት ከመስመር አምስትና ስድስት ጋር ቦታ ቢቀያየሩ በቂ ነው አሉ። ቀላል ነበር። እሺ ብል ጋሼ ሸምሱ ይድናሉ፣ እኔም ነፃ እወጣለሁ፤ መቶ ሃምሳው እንደገና ይታተማል፣ አብሮም ለመጽሐፌ ሃያኛው ገጽ ይታተማል። ደብተሬን ይዤ በየአሳታሚው ስዞር አንድ ሰው አንድ መስመር አንብቦ ይህን ቀይሪ ቢለኝ በደስታ እሞት ነበር። አሁን ደግሞ አንድ ሰው ስለ አንድ መስመሬ ከሚስቱ ጋር ፊቴ እየተከራከረ ነው።

«አልቀይረውም ጋሽ ደምሴ» አልኩ። ማን እንደተናገረ ለማየት ዞር ልል ምንም አልቀረኝም።

«ለምን?»

«እሷ ናት ቀድማ የሳበችው። ግጥሙ ስለ እርስዎ ቢሆን እቀይረው ነበር።»

«ስለ ማን ነው ታዲያ?»

«ብርድ ልብሱ አንድ ብቻ ስለሆነበት ሰው ሁሉ።»

ሙሽራዋ ማርታ እጇን በሒና እንደተቀባች በሩ ላይ ቆማ ነበር። «አባዬ፣ ቁጥር ሁለትን ሁሉም ጓደኞቼ አላቸው» አለች። ሌላ አልጨመረችም።

ጋሽ ደምሴ ካርዱን ተቀበሉኝና ፊቱን አዩ፣ ጀርባውን አዩ። ግማሹን ዘመድ በአንድ ጽሑፍ፣ ግማሹን በሌላ መጥራት እንደማይቻል፣ ጥሪ አንድ ወጥ ሰነድ መሆኑን ተናገሩ። ከዚያ እኔ ያልጠበቅሁት ነገር መጣ።

«የጸሐፊው ስም የታለ?» አሉ። «ይህን ያህል የምታምኚበት ከሆነ ለምን ስምሽ የለበትም? ከቤቴ ያልተፈረመበት ወረቀት ወጥቶ አያውቅም።»

ጠረጴዛ ተጠርጎ ተሰጠኝ። መቶ ሃምሳ ካርድ፣ አንድ ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ የሽንኩርት ሽታ። ከእያንዳንዱ ግጥም ሥር ሙሉ ስሜን ጻፍኩ፤ ጋሽ ደምሴ አጠገቤ ተቀምጠው የአባቴን ስም ያሳጠርኩባቸውን ይመልሱልኝ ነበር። የጸሐፊ ፊርማ ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር። በመጀመሪያዎቹ አሥር ካርዶች ላይ ሕፃን ይመስላል፣ ሃምሳኛው አካባቢ ሐኪም፣ በመጨረሻ የራሴ ሆነ። ዛሬም የምፈርመው በዚያ ነው።

ግን ሁለት መቶ ሃምሳው ሳይፈረምበት ተበትኗል። ለዚህም ጋሽ ደምሴ መላ ነበራቸው። በቅበላው እሑድ አዳራሹ በር ላይ ካርድ የሚያዩት አስተናጋጆች አጠገብ አንዲት ወንበር ተቀመጠችልኝ። እንግዳው ካርዱን ያሳያል፣ አስተናጋጁ ወደ እኔ ያሳልፋል፣ እኔ እፈርማለሁ፣ እንግዳው ይገባል። የለበስኩት ከጫማ ቤቱ የተዋስኩት ጫማና የእህቴ ቀሚስ ነው። መጀመሪያ ሰው ግራ ተጋባ፤ አንዱ የቀበሌ ሰው መስዬው መታወቂያ አወጣ። በኋላ ግን ወሬው ወረፋውን ይዞ ወደ ኋላ ሄደ። «ብርድ ልብሱን የጻፈችው እሷ ናት» መባባል ጀመሩ። አንዲት ወፍራም እመቤት «ለእኔ ባል ደግሞ ምንም ሳይኳረፍ ብርድ ልብሱን ብቻውን ለሚጠቀልለው አንድ ጻፊልኝ» አሉኝ። አንድ ባልና ሚስት አንድ ካርድ ይዘው መጡና ካርዱ በየትኛቸው ስም እንደሚፈረም ተከራከሩ። ካርዳቸውን ቤት የረሱ አንድ ሽማግሌ አስተናጋጁ ሲከለክላቸው የግጥሙን የመጨረሻ ሁለት መስመር በቃላቸው አሉለትና ገቡ። እኔ እስክሪብቶዬን ይዤ ቀረሁ። ከዚያ በኋላ አዳራሽ ሞልቶ አጨብጭቦልኛል፣ ያን ያህል ግን ደስ ያለኝ ቀን የለም።

ከጾሙ በኋላ ጋሼ ሸምሱ አሥራ ዘጠኙን ግጥም በጫማ ካርቶን ቀለም ሽፋን አድርገው ጠረዙልኝ፤ የጥረዛውን ዋጋ የሠርግ ስጦታ ነው አሉ። ሃያኛው ግጥም እንደገና ሊታተም አልቻለም። ጠርዝ የለም፤ አዲሱ ማሽን ገብቷል። ስለዚህ የመጨረሻው ቅጠል ላይ በእጄ «ሃያኛው ግጥም አፍንጮ በር በየቤቱ ይገኛል» ብዬ ጻፍኩበት። ለቀልድ ነበር። መጽሐፉን የገዙ ሰዎች ግን እውነት መስሏቸው ሰፈራችን እየመጡ ማንኳኳት ጀመሩ። ሠርጉ ላይ የነበሩት ደግሞ የካርዳቸውን ሪባን ፈትተው ቅጠሏን አወጡና በኮላ መጽሐፉ ላይ ለጠፏት። ያ ፌዘኛ መጽሐፍ አዟሪ እንኳ አንድ ቀን ጫማ ቤቱ መጣና «ያ ባለ ብዙ ቀለሙ አለሽ?» አለኝ፤ ሽፋኑ ላይ ማን እንዳለ ሳይጠይቅ።

ከዚያ ወዲህ ሌሎቹን መንገዶች ሁሉ ሄጄባቸዋለሁ። ሁለተኛውን መጽሐፌን አሳታሚ አሳተመልኝ፣ ሦስተኛውን በራሴ ወጪ፣ አሁን ደግሞ የምጽፈውን ቴሌግራም ላይ ለጥፌ ማኪያቶዬ ሳይቀዘቅዝ ሰው ሲያነበው አያለሁ። ዛሬ ሃምሳ ቅጂ ብቻ አትምልኝ ብትለው የሚያትም ቤት አለ፤ ሦስት ሺህ የሚልህ የለም። ወጣቶቹ የቱ ይሻላል ብለው ሲጠይቁኝ ሁሉንም ሞክሩ እላለሁ፤ የት ላይ እንደሚተርፍላችሁ አታውቁም። ጋሼ ሸምሱ አሁን ሌላ ሰፈር ናቸው፤ ልጆቻቸው በትልልቅ ሸራ ላይ ማስታወቂያ ያትማሉ። ባለፈው ስደውልላቸው «ሸራው ሰፊ ነው፣ ጠርዝ ይተርፋል» ብለው ሳቁ።

ርግቦቹ ስልኬ ላይ የበረሩ ዕለት ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የመጀመሪያው መጽሐፌ ሙሉ ቅጂ ያለው ብዙ ሰው ነው፤ እኔ የለኝም። አንዲቷ ቅጠል ትጎድለኛለች፤ ራሴ ሁሉንም አስሬ ስለሰጠኋቸው አንድም አልተረፈችኝም። እሑድ ዕለት ተነስቼ ጋሽ ደምሴና እትዬ አስካለ አሁን የሚኖሩበት ኮንዶሚኒየም ሄድኩ። አራተኛ ፎቅ ነው፤ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወጣሁ። ካርዱ ቡፌው ውስጥ፣ ከመስታወቱ ጀርባ ቆሟል፤ ክሬሙ ትንሽ ቢጫ ሆኗል። ማርታ ሁለት ልጆች እንዳሏት ነገሩኝ፣ አበሉኝ፣ አጠጡኝ። በመጨረሻ ለምን እንደመጣሁ ተናገርኩ፤ ያችን አንዲት ቅጠል ብቻ።

ጋሽ ደምሴ እትዬ አስካለን አዩ። እትዬ አስካለ ጋሽ ደምሴን አዩ። በዚያ ቤት ሁለቱ ሳይከራከሩ ሲስማሙ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

«አይሆንም» አሉ ጋሽ ደምሴ።

ጽፌው የለ እንዴ፣ ፈርሜበት የለ እንዴ ብዬ ተሟገትኩ። ፊርማው የእኔ መሆኑን፣ ወረቀቱ ግን የቤቱ መሆኑን አስረዱኝ። እትዬ አስካለ ከማዘናቸው የተነሳ የቡፌውን መስታወት ከፈቱልኝ። ካርዱን ለማንሳት እጄን ስዘረጋ ያዙኝ።

«ማንበብ ከሆነ እዚሁ ተቀምጠሽ አንብቢ» አሉ። «መጀመሪያ ግን እጅሽን ታጠቢ።»